ዝንብ ላይ የሚሠራው ተከራይ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ ማንም የጠራውን ነገር «ስሙ ይህ አይደለም» ሳይል የማያልፍ። ዝናብ መጣ ስትለው ካፊያ ነው ይልሃል። እሺ ካፊያ ነው ስትል ደግሞ እሱ ቅድም ነበር፣ አሁን ዝናብ ሆኗል ይልሃል። ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ያለቀሰችበትን ምክንያት ያርማል፤ ለቅሶ ላይ የሟቹን ዕድሜ ያርማል። ሰዉ ይጠላዋል እንዳይባል፣ አንድ ቀን ከሰፈር ከጠፋ ሁሉም «የት ሄደ?» እያለ የሚጠያየቀው ስለ እሱ ነው። እግዜር እንዲህ ያለውን ሰው ለየመንደሩ አንድ አንድ ሲያድል ለማንም አላዳላም። ዲላ ላይ ለወይዘሮ ሸዋአለም ግቢ የላከው ግን ከነብልቃጡ ነው።

ሰውየው ሲራክ ይባላል። ከደብረ ማርቆስ የመጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስተኛ ዲግሪውን የሚሠራ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ከደረት ኪሱ የሥዕል ብሩሽ የማይለይ ቀጭን ሰው ነው። በብሩሹ ሥዕል አይሥልበትም፤ ዝንብ ይቆጥርበታል። መንደሩ «ዶክተር» ሲለው እያንዳንዱን ሰው እያስቆመ «ለእርማት ያህል፣ ገና ዶክተር አልሆንኩም» ይላል። ይህች «ለእርማት ያህል» የምትባል ነገር ሲነሳም ሲተኛም አፉ ላይ ናት። መንደሩም ዶክተር ካልሆንክ እንግዲህ ብሎ «ሊቀ ዝንብ» የሚል ማዕረግ ሰጠው። ይህችን አላረማትም።

ቤት ሊከራይ የመጣ ዕለት ወይዘሮ ሸዋአለም ማንኛዋም አከራይ የምትጠይቀውን ጠየቁት። ሥራህ ምንድን ነው አሉት። «ዝንብ ላይ ነው የምሠራው» አለ። ነገሩ በአማርኛ ለተነገረው ሰው ግልጽ ነበር። ወባ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ወባን ያጠፋሉ። ቲቢ ላይ የሚሠሩ አሉ፤ ቲቢን ያጠፋሉ። ዝንብ ላይ የሚሠራ ሰው ዝንብን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ወይዘሮ ሸዋአለም ደግሞ በጽዳት የሚወዳደራቸው የለም። መጸዳጃ ቤታቸው ክዳን አለው፤ ሐሜተኞች የክዳኑም ክዳን አለው ይላሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሩሃማ በገዛ እጇ «ሞዴል ቤተሰብ» የሚል አረንጓዴ ቆርቆሮ በውጭ በራቸው ላይ ከመታች ያኔ ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር። በመንደሩ የመጀመሪያው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙና ይታጠባል። እንግዲህ ለእኚህ ሴት ዝንብ ላይ የሚሠራ ተከራይ መምጣቱ የጸሎት መልስ ነበር። ፀሐይ የሚገባበትን ሰፊውን ክፍል ሰጡት፣ ለሦስት ሳምንትም በገበያና በቤተ ክርስቲያን «ዝንብ የሚያጠፋ ባለሙያ እኔ ቤት ተመድቧል» ሲሉ ከረሙ።

በአራተኛው ሳምንት ቆጮና ጎመን በሳህን ይዘው በሩን አንኳኩ። ሲገቡ ግድግዳው ከታች እስከ ላይ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ላይ ሁለት መቶ የሚሆን ብልቃጥ አለ፤ የሁሉም አፍ በጥጥ ተወትፏል፣ የሁሉም ታች የተፈጨ ሙዝ ነው፣ ከሙዙ በላይ ያለው ዝንብ ነው። ደቃቃ፣ ዓይኑ ቀይ ዝንብ። ወይዘሮ ሸዋአለም ሳህኑን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ከዳር እስከ ዳር ቃኙ።

«ሁሉንም ይዘሃቸዋል፤ ጎበዝ» አሉ በመጨረሻ። «መቼ ነው የምትገድላቸው?»

«ለእርማት ያህል እትዬ፣ አልገድላቸውም። አረባቸዋለሁ።»

ሳህኑን አስቀመጡ፤ ወጡ፤ ቤታቸው ገብተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በማግሥቱ ሊያስወጡት ቆርጠው ነበር። ጠዋት ግን እሱ ቀድሞ ሳህኑን ይዞ መጣ። አጥቦታል፣ በፈላ ውኃ አለቅልቆታል፣ አድርቆታል፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖታል። በዚያ ግቢ በኖሩ ተከራዮች ታሪክ ሳህን እንዲህ ሆኖ ተመልሶ አያውቅም። ወይዘሮ ሸዋአለም ለጊዜው ይሁን አሉ። ጊዜውም ሁለት ዓመት ሆነ።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሊቀ ዝንብ ያላረመው ነገር የለም። ገበያ ሲወጣ ሰው የሚሸሸውን ይፈልጋል። ሙዝ ሻጮቹ ያማረውን ከላይ፣ የጠቆረውን ከታች ሲደረድሩ እሱ ከታች ይጀምራል። አንስቶ ያሸታል፣ ጫን ጫን አድርጎ ያየዋል፣ ከዚያ «ከዚህ የባሰ የለም?» ይላል። ሴቶቹ ድህነት ነው ብለው አዘኑለት። ወሬው ወይዘሮ ሸዋአለም የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ደረሰና የእናቶች ኅብረት አንድ ዘንቢል ሙሉ ምርጥ ሙዝ ይዞ መጥቶ፣ ጸልዮለት ሄደ። በሳምንቱ ሊጠይቁት ሲመለሱ ዘንቢሉ መስኮቱ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ሙዙ ጠቁሮ ውኃ አውጥቷል። ሲራክ በጣም አመሰገናቸው። «ነገ ይደርሳል» አላቸው።

የለቅሶው ጉዳይ ደግሞ አለ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ዐርፈው፣ ድንኳን ውስጥ ወንጌላዊው ሲያጽናኑ፣ የሰው ዕድሜ እንደ ዝንብ ዕድሜ ናት፣ ዛሬ ታይታ ነገ የለችም አሉ። ከድንኳኑ ጥግ አንድ እጅ ወጣ። ሲራክ በትሕትና የትኛውን ዝንብ ማለታቸው እንደሆነ ጠየቀ። ወንጌላዊው ይህ ጥያቄ በአገልግሎት ዘመናቸው ገጥሟቸው አያውቅም። እሱም የፍራፍሬ ዝንብ ምግቧ በጊዜው ከተለወጠላትና ሙቀቱ ከተስማማት ሁለት ወር ልትቆይ እንደምትችል ለለቀስተኛው አስረዳ። የሟቹ ልጅ ግራ ገብቶት «አባቴ ዘጠና ሁለት ዓመት ኖሯል» ቢለው፣ ሲራክ ለሰው በጣም ጥሩ ቁጥር መሆኑን መሰከረለት። ወንጌላዊው ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ላይ ምሳሌ የሚሰጡት በሣር ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን እድር ላይ የሆነው ነው። አቶ መላኩ ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸው፤ የእድሩ ጸሐፊም የመንደሩ ጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። አንድ እሑድ መዋጮ የማይከፍሉ ሰዎች ተባብረው ሊያስፈራሩኝ ነው ብለው ተቆጡና «ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም!» አሉ። ሲራክ ተነሣ። ለእርማት ያህል፣ አለ፣ ሺህ የተባለው ተሞክሮ ነው ወይስ በግምት ነው? እሱ እስከሚያውቀው ስንት ዝንብ እንደሚበቃ የለካ ሰው የለም፤ ጋኑም የምን ጋን እንደሆነ አልተገለጸም። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። አንድ አዛውንት «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ» ብለው በቀስታ ጎትተው አስቀመጡት። አቶ መላኩ ግን አልሳቁም። እንዲህ ያለውን ነገር መዝግበው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው።

ወይዘሮ ሸዋአለም በዚህ ሁሉ ያፍሩ ነበር። አንድ ቀን ግን፣ ልብስ ሲያሰጡ፣ እንዲያው ነገሩ ምን ያደርግልሃል ብለው ጠየቁት። እሱም ሁለት መደርደሪያ አሳያቸው። የግራዎቹ ብልቃጦች ላይ «ኮንጋ» ተብሎ ተጽፏል፤ እዚያ ቡና ማጠቢያው አጠገብ፣ ከቀዩ ቡና የተላጠው ቅርፊት ከሚከመርበት የተያዙ ዝንቦች ዘሮች ናቸው። የቀኞቹ ላይ «ቡሌ» ይላል። ከደጋ የመጡ ናቸው፤ ከኮንጋዎቹ ገዘፍ ይላሉ፣ ጠቆር ይላሉ፣ ለማደግም አይቸኩሉም። ደጋ ላይ ብርዱ ነው እንዲህ ያደረጋቸው። እንግዲህ ጥያቄው፣ አለ፣ የደጋዎቹ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ የልጅ ልጅ ልጆች በዲላ ሙቀት ተወልደው ሲያድጉ፣ በስንተኛው ትውልድ ነው እንደ ቆለኛ የሚሆኑት? ይህን ለማወቅ ሃምሳ ትውልድ ሳይቋረጥ ማሳደግ አለበት።

ወይዘሮ ሸዋአለም የቡሌ ልጅ ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ተድረው ዲላ ከወረዱ አርባ አንድ ዓመት አልፏቸዋል፤ እስከ ዛሬ ሙቀቱን አልወደዱትም፣ እስከ ዛሬም ጋቢያቸውን አላወለቁም።

«እና እነዚህ ዲላ የተወለዱት ቡሌነታቸውን ትተዋል?» አሉት።

«እስካሁን አልተዉም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት በመስኮቱ ሲያልፉ «ያገሬ ሰዎች እንዴት አደሩ?» ይሉ ጀመር። የተከራዩ ሰላምታ ከእነሱ ቀጥሎ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ሲራክ ኮንጋ ሄዶ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አደረገውና ሞተር ሳይክሎቹ ሁሉ ቆሙ። አራት ቀን ታገደ። በሁለተኛው ቀን ስልክ ደወለ፤ ድምፁ ልጁ ሆስፒታል የገባበት አባት ድምፅ ነበር። የቡሌዎቹ ምግብ አልቋል፤ ዛሬ ወደ አዲስ ብልቃጥ ካልተዛወሩ ያልቃሉ። ወይዘሮ ሸዋአለም መነጽራቸውን አደረጉ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቁመው እሱ እንደነገራቸው ጥጡን እየነቀሉ፣ ብልቃጡን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ አንዱን ወደ ሌላው ሲገለብጡ ዋሉ። ሁለት ዝንቦች አመለጡ። ይህን አልነገሩትም፤ እሱ ግን ሲመለስ ቆጥሮ ደረሰበት። ወይዘሮ ሸዋአለም መልስ አላጡም፤ ካደገ በኋላ የማይሄድ የለም አሉት። የእሳቸውም ሁለቱ ልጆች፣ ወንዱ ሐዋሳ፣ ሴቷ አዳማ ከገቡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ግቢው ለእሳቸው ሰፍቷቸው ነበር፤ እውነቱ ይህ ነው።

ትውልዱንም መቁጠር ጀመሩ። አርባ ሁለተኛው ሲፈለፈል ሲራክን ጠርተው፣ ከአብርሃም እስከ ክርስቶስ ያለው ትውልድ ልክ ይህን ያህል መሆኑን ነገሩት። እሱም ማቴዎስን ከፍቶ ቆጠረ። ሲቆጥር አንድ የጎደለ መሰለው፤ እንደገና ቆጠረ፤ አፉን ከፈተ፤ የወይዘሮ ሸዋአለምን ፊት አየ፤ አፉን ዘጋ። በሕይወቱ የዋጣት እርማት እስከዚያ ድረስ እሷ ብቻ ነበረች።

አርባ ሰባተኛው ትውልድ ላይ እንዳሉ ነው ነገሩ የመጣው። መንደሩ «ከዝንብ የጸዳ መንደር» ሊባል ነው፤ ሐሙስ ኮሚቴው ቤት ለቤት ዞሮ ይመዘግባል፤ በሳምንቱ እንግዶች መጥተው ሰርተፊኬት ይሰጣሉ። አቶ መላኩ ሰኞ ስብሰባ ጠርተው ማንንም በስም ሳያነሱ ተናገሩ። በዚህ መንደር ዝንብ የሌለበት ቤት አለ፣ ዝንብ የሚገኝበት ቤትም አለ፣ ዝንብ የሚቀለብበት ቤት ግን አንድ ብቻ ነው አሉ። እስከ ሐሙስ ብልቃጦቹ ከወጡ ወጡ፤ ካልወጡ የሞዴል ቤተሰብ ቆርቆሮው ይወርዳል።

ሲራክ ብልቃጦቹን የሚወስድበት አልነበረውም። ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ ዘሩን ሁለት ቦታ ከፍሎ ነበር የሚያኖረው፤ ዩኒቨርሲቲው በሰጠው ክፍል ያስቀመጠውን ግን ባለፈው ክረምት ሻጋታ ጨረሰው፤ ክፍሉም እስከ ዛሬ አልደረቀም። የቀረው እዚህ ያለው ብቻ ነው። ሰኞ ከሰዓትና ማክሰኞ ሙሉ ቀን ሌላ ክፍል ሲፈልግ ዋለ። ስለ ሥራው ሲጠይቁት መዋሸት አይችልም፤ አሁን «አረባለሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ዘጠኝ በር ተዘጋበት። ለቀሩት ሦስት ትውልዶች የምታስፈልገው ጊዜ አንድ ወር ከምናምን ነበረች።

ማክሰኞ አመሻሽ አቶ መላኩ ራሳቸው መጡና በመስኮቱ አጮልቀው «እነዚህን ትንኞች እስከ ሐሙስ አንሣ» አሉት። ወይዘሮ ሸዋአለም ደረጃው ላይ ሽንኩርት ይልጡ ነበር፤ ቢላቸውን ይዘው ጠበቁ። ትንኝና ዝንብ አንድ እንዳልሆኑ ይህ ልጅ ለስንት ሰው፣ ለስንት ሰዓት አስረድቷል! ሲራክ ግን ቀና ብሎ አያቸውና «እሺ፣ አቶ መላኩ» አለ። አላረማቸውም። ሰውየው ከሄዱ በኋላ ወደ ወይዘሮ ሸዋአለም መጥቶ ቆርቆሮው የአራት ዓመት ድካማቸው መሆኑን እንደሚያውቅ፣ በእሱ ምክንያት እንዲወርድ እንደማይፈልግ፣ ረቡዕ ብልቃጦቹን ከከተማ ውጭ ሙዝ ማሳ ወስዶ እንደሚከፍታቸው ነገራቸው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ኪሱ ውስጥ ብሩሽ አልነበረም።

አንጀታቸውን በላው። ያቺን ሽንኩርት ሳይጨርሱ ተነሡ።

ረቡዕ ሲራክ ካርቶን ፍለጋ ወጥቶ ሲመለስ የክፍሉ በር በአዲስ ቁልፍ ተቆልፎ አገኘው። ቁልፉ የወይዘሮ ሸዋአለም ቀሚስ ኪስ ውስጥ ነበር። ምግባቸውን መለወጥ ሲኖርብህ እከፍትልሃለሁ፣ ልታወጣቸው ግን አልከፍትም አሉት። ብዙ ለመነ። ይህ የሳቸው ቤት እንደሆነ፣ የክፍሉን በር የሚከፍቱትም የሚዘጉትም እሳቸው እንደሆኑ አስታወሱት፤ እርማት ካለህ በጽሑፍ አቅርብ አሉት።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው መጣ። አቶ መላኩ ከፊት፣ ሩሃማ መዝገቧን ደረቷ ላይ አድርጋ ከኋላ፣ ሌሎች ሦስት ሰዎች በመሐል። ወይዘሮ ሸዋአለም የሲራክን ክፍል ቁልፍ ከፍተውለት፣ እሱን ወደ ውስጥ አስገብተው፣ በሩ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን ደርበዋል። ጭናቸው ላይ አረንጓዴው ቆርቆሮ አለ። በገዛ እጃቸው ነቅለው፣ ቅዳሜ ሳይደርስ በሳሙና አጥበው፣ አራቱን ምስማሮች በወረቀት ጠቅልለው ከላዩ አስቀምጠዋል።

አቶ መላኩ ይህን አልጠበቁም። ብልቃጦቹ ወጥተዋል ወይ ብለው ጠየቁ። አልወጡም ተባሉ። እኔ እንኳ ያልኩት ዝንቡ ይውጣ ነው እንጂ ቆርቆሮው ይውረድ አይደለም ማለት ጀመሩ፤ ወይዘሮ ሸዋአለም ግን ቆርቆሮውን ከነምስማሩ እጃቸው ላይ አኖሩላቸው። ሩሃማ ያን ቆርቆሮ ስትመታ መዶሻው አውራ ጣቷን መትቷት ነበር፤ ያኔ በቅቤ ያሹላት እኚሁ ሴት ናቸው። ዓይኗን ከቆርቆሮው አንሥታ መዝገቧ ላይ ተከለች።

«እማማ» አለች በዚያች የጌዴኦ ልጅ አማርኛዋ፣ «እዚህ የዝንቡ ባለቤት ይላል። የማን ናት ብዬ ልጻፍ?»

«የልጄ ናቸው።»

«ሐዋሳ ያለው ልጅዎ?»

«እዚህ ያለው» አሉ ወይዘሮ ሸዋአለም።

ሩሃማ ጻፈች። ወይዘሮ ሸዋአለም ከበርጩማው ተነሡ፤ ቁመታቸው የአቶ መላኩን ትከሻ አያልፍም።

«ስማኝ መላኩ። ቆርቆሮው የናንተ ነው፣ ውሰዱት፣ አልቀየማችሁም። በዚህ ግቢ ግን የልጄን ዝንብ እሽ የሚል ሰው የለም።»

አቶ መላኩ ይህን ፉከራ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከስንት እናት አፍ ሰምተዋል፤ ዝንቡ በእርግጥ ያለበትን ሲሰሙ ግን የመጀመሪያቸው ነበር። ቆርቆሮውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ምስማሮቹን እንዳይጥሉ በጥንቃቄ ይዘው፣ ኮሚቴውን አስከትለው ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ።

ከኋላቸው በሩ ገርበብ አለ። ሲራክ ደፉ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል።

ወይዘሮ ሸዋአለም በርጩማቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ሲያልፉ ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም።

«ግባና በሩን ዝጋ» አሉት፤ «ዝንብ ይወጣል።»